ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉኝ፤ የማድርበት ግን የለኝም

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ ዛሬ ግን ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃን እጨርሳለሁ። ሲቪል ምህንድስና ለመማር ውጭ አገር ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች አመልክቼ ሁለቱ ተቀብለውኛል።

የመጀመሪያው ስሙ የገነነ ነው። ቅበላው ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የመጨረሻ ፈተናዬ ውጤት እነሱ ከጠየቁት መድረስ አለበት። ስለ ማደሪያ ስጠይቃቸው «ዋስትና አንሰጥም፣ ከደረሰሽ ይደርስሻል» አሉኝ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ያለ ቅድመ ሁኔታ ተቀብሎኛል። የትምህርት ክፍያውን በከፊል የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ሰጥቶኛል። በትምህርቱ መሃል አንድ ዓመት ድርጅት ውስጥ ገብቶ መሥራትም አለው። በቀነ ገደቡ «እሺ» ካልኳቸው ለመጀመሪያው ዓመት ዶርም እንደማገኝ በደብዳቤው ላይ ጽፈዋል።

አባቴ «ስም ያለው እያለ ስም የሌለው ምን ሊሠራልሽ ነው?» ይላል። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የምገባ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ቃሉን መግፋት ከብዶኛል። በዚያ ላይ ወደ መጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ያመለከቱ ሦስት ጓደኞቼ «አንድ ቤት አብረን እንከራይ» ብለውኛል። ኦንላይን ያገኙት አከራይ «ሌላ ሰው ሳይወስደው ቀብድ ላኩ» እያለ ያጣድፈናል። ለዩኒቨርሲቲዎቹ መልስ የምሰጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

የቱን ልምረጥ? ቀብዱንስ ልላክ? ለሁለቱም «እሺ» ብዬ ቆይቼ ብወስንስ ችግር አለው?

ልቧ ሁለት ቦታ የተከፈለ»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

እንኳን ደስ አለሽ! አንቺ ጭንቀት ብለሽ ብትጽፊውም እኔ ያነበብኩት የምሥራች ነው።

ከጥያቄዎችሽ ግን አንዱ ስለማይጠብቅ ከእሱ ልጀምር። ቀብዱን አትላኪ። ጓደኞችሽም እንዳይልኩ አሁኑኑ ንገሪያቸው። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አካሄድሽን ሳየው መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ትመርጪያለሽ፣ ከዚያ ቤት ትፈልጊያለሽ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ማደሪያውን ከቅበላው ነጥዬ ማየት አይሆንልኝም። አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥሽ የመማሪያ ቦታ ብቻ ነው። ሌላው የመማሪያ ቦታም፣ የምታድሪበት ክፍልም ይሰጥሻል። ሁለቱን እኩል አድርጎ ማወዳደር ልክ አይደለም።

እስቲ አስቢው። የተከራየሽው ክፍል ከግቢው የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ቢርቅ፣ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ቀን ስትመላለሺ 15 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰዓት የሚቆረጠው ከጥናትሽና ከእንቅልፍሽ ነው። የማታ የቡድን ጥናት ሲኖር «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብለሽ ቀድመሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ኪራዩ ካሰብሽው በላይ ከሆነ ደግሞ የትርፍ ጊዜ ሥራ ትፈልጊያለሽ። ምህንድስና የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሒሳቡና ፊዚክሱ ተደራርቦ የሚመጣበት ትምህርት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል?» ከማለት ይልቅ «የትኛው ጋ ብሆን ዓመቴ ምን ይመስላል?» ብለሽ ብትጠይቂ ይሻላል።

ስለ ስም እናውራ፤ አባትሽን ያስጨነቃቸው እሱ ነውና።

ስም ባዶ ነገር ነው አልልሽም። ግን ስሙ ከምን እንደተሠራ ማየት ጥሩ ነው። ሰው «በዓለም ስንተኛ ነው?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚያየው የደረጃ ሰንጠረዦችን ነው። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚወጣው የሻንጋይ ደረጃ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ከ100 ነጥብ 30ው የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎችና ተመራማሪዎች ላገኙት የኖቤል ሽልማትና ለሒሳብ ሊቃውንት ለሚሰጠው የፊልድስ ሜዳሊያ ነው። ሌላ 20 ነጥብ በሁለት ታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጽሑፎች ይሰጣል። የቀረውም በአብዛኛው ምርምር የሚለካ ነው። አንድ መምህር ላልገባት ተማሪ ቁጭ ብሎ ያስረዳል ወይ የሚለውን የሚለካ ነጥብ የለበትም። ለሲቪል ምህንድስና ደግሞ የኖቤል ሽልማት የሚባል ነገር የለም። በፊዚክስና በሕክምና ሽልማት ሰብስቦ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣ ዩኒቨርሲቲ የድልድይና የውሃ ትምህርቱ ተራ ሊሆን ይችላል።

ስም ገቢን ይጨምራል ወይ የሚለውም ተጠንቷል። ስቴሲ ዴል እና አለን ክሩገር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ተመሳሳይ ኮሌጆች አመልክተው ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸውን ተማሪዎች እርስ በርስ አወዳደሩ። ከእነዚህ ውስጥ መግቢያው ይበልጥ ወደሚከብደው ኮሌጅ የሄዱትና መግቢያው ቀለል ወዳለው የሄዱት፣ ከዓመታት በኋላ ገቢያቸው በአማካይ ያን ያህል አልተለያየም። ማለትም ልዩነቱን ያመጣው በአመዛኙ ተማሪው ራሱ ነው። ይህ ለአንቺ የሚመች ወሬ ነው።

ግን ሙሉውን ልንገርሽ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ተማሪዎች መግቢያው የሚከብደው ኮሌጅ እንደጠቀማቸው አይተዋል። በኋላ ባወጡት ጥናትም ወላጆቻቸው ብዙ ላልተማሩ ተማሪዎች ጥቅሙ ነበር። አንቺ ደግሞ ከቤታችሁ የመጀመሪያዋ ነሽ። ስለዚህ አባትሽ ዝም ብለው ስም ወዳድ አይደሉም፤ የሆነ እውነት ይዘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ታላቁ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ላለው ተማሪ የሚሰጠው ነገር ትውውቅ ነው። ቤተሰቡ ሊያስተዋውቀው ከማይችለው ሰው ጋር ያገናኘዋል። እና ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ያለው የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ይህንኑ ክፍተት የሚሞላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከመሐንዲሶች ጋር ስትሠሪ ስልካቸው አንቺ ጋ ይቀራል፤ ስምሽም እነሱ ጋ ይቀራል። እንዲያው ለማለት ያህል የተጻፈ እንዳይሆን ግን ጠይቂያቸው። ድርጅቱን ዩኒቨርሲቲው ነው የሚያገኘው ወይስ ተማሪዋ ራሷ? ያለፈው ዓመት ስንት ተማሪ አመልክቶ ስንቱ ቦታ አገኘ? ክፍያ አለው? በዚያ ዓመት የትምህርት ክፍያ ይከፈላል?

ከስሙ በላይ የሚያሳስበኝ አንቺ ያልጠቀስሽው ነገር ነው፤ የፕሮግራሙ እውቅና። ምህንድስና እንደ ሌላው ትምህርት አይደለም። ዲግሪ ይዘሽ ሌላ አገር ሄደሽ በመሐንዲስነት መመዝገብ ስትፈልጊ ስለ ዩኒቨርሲቲው ዝና የሚጠይቅሽ የለም። የሚጠየቀው ያ ፕሮግራም በማን እውቅና እንደተሰጠው ነው። ለዚህ ዋሽንግተን አኮርድ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ያሉ የምህንድስና እውቅና ሰጪ አካላት የፈረሙት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ገብተውበታል። የአንዱ አባል እውቅና ያለውን ዲግሪ ሌሎቹ አባላት ከራሳቸው ጋር አቻ አድርገው ያዩታል። የስምምነቱ አባል ያልሆነ አገርም የራሱ እውቅና ሰጪ አካል ሊኖረው ይችላል። ልብ በይ፣ እውቅናው የሚሰጠው ለፕሮግራሙ እንጂ ለዩኒቨርሲቲው አይደለም። እዚያው ግቢ ውስጥ አንዱ ፕሮግራም ኖሮት ጎረቤቱ ላይኖረው ይችላል። ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ይህን በጽሑፍ ጠይቂ። አንዱ እውቅና ያለው፣ ሌላው የሌለው ሆኖ ከተገኘ ብዙም ሳትደክሚ ጥያቄው እዚያው ላይ ያልቃል።

ስኮላርሺፑንም ሳታጣሪ አትቀበዪው። ለሁሉም ዓመት ነው ወይስ ለመጀመሪያው ብቻ? እንዳይቋረጥ የሚጠየቅ ውጤት አለ? በመጀመሪያው ዓመት አማላይ ሆኖ በሁለተኛው የሚጠፋ ስኮላርሺፕ አለ፤ ያኔ ደግሞ ትተሽ መሄድ አትችዪም።

አሁን ወደ ማደሪያው ልመለስ።

የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ቅበላ ቅድመ ሁኔታ አለው ብለሻል። ይህን ከማደሪያው ጋር አገናኝተሽ እዪው። ውጤት የሚወጣው ብዙ ጊዜ ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ያን ጊዜ ገና «ተቀብለንሻል» ይሉሻል። ዶርም ግን ቀድሞ በተመዘገበ ሰው ተይዟል። የሚቀርልሽ ወይ በጣም ውድ ወይ በጣም ሩቅ የሆነው ነው። የዋስትናው አለመኖር ለሌላ ተማሪ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ያለው አለ፣ በአካል ሄዶ ቤት የሚያይ አለ። ከሌላ አገር ለምትመጣ ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የየትኛው አገር ዩኒቨርሲቲዎች እንደሆኑ አልጻፍሽልኝም፤ አሠራሩ ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ዶርም ዋስትና ይሰጣሉ፤ ግን ዩኒቨርሲቲውን ዋና ምርጫው ላደረገና ማመልከቻውን በጊዜው ላስገባ ነው። በጀርመን ደግሞ ዶርሙን በአብዛኛው የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ሽቱዲሬንደንቬርክ የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ነው። ማመልከቻውም ለብቻው ነው። በትላልቅ ከተሞች ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቅበላ ሳይመጣ መመዝገብ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ መመዝገብ ያዋጣል። በፈረንሳይ እንዲሁ ክሩስ የሚባል የመንግሥት አካል አለ። በኔዘርላንድስ የቤት እጥረቱ ከመባሱ የተነሳ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለውጭ ተማሪዎች «ማደሪያ ሳታገኙ አትምጡ» ብለው አስታውቀው ያውቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ራሱ እንዲህ ካለ ምክሩን መስማት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሁለቱም የማደሪያ ክፍል ኢሜይል ጻፊ። ለመጀመሪያው፦ «ባለፈው ዓመት ካመለከቱ የውጭ ተማሪዎች ምን ያህሉ የግቢውን ዶርም አገኙ? ያላገኙትን ወዴት ትልካላችሁ? የዶርም ማመልከቻ ውጤቴ ሳይወጣ ማስገባት እችላለሁ?» ለሁለተኛው፦ «ዋስትናው የሚጸናው በየትኛው ቀን ካመለከትኩ ነው? ለስንት ወር ነው? በበዓልና በእረፍት ጊዜ ክፍሉን መልቀቅ አለብኝ?» ይህችን የመጨረሻዋን ሰው ይረሳታል። አንዳንድ ዶርም በእረፍት ጊዜ ይዘጋል። ቤቷ ቅርብ የሆነች ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፤ አንቺ ግን መሄጃ የለሽም።

ዋጋ ስታወዳድሪ የሳምንቱን ወይም የወሩን ብቻ አትይ። የውሉን ርዝመት አባዢው። በሳምንት 100 የሚከፈልበት ክፍል ውሉ 51 ሳምንት ከሆነ በዓመት 5,100 ነው። በሳምንት 115 የሚከፈልበት ሌላ ክፍል ውሉ 42 ሳምንት ከሆነ 4,830 ይሆናል። ውድ የመሰለው ረከሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ መብራት፣ ውሃ፣ ማሞቂያና ኢንተርኔት ኪራዩ ውስጥ አሉ ወይ? ትራንስፖርትስ? ዕቃው አለ ወይስ አልጋና ጠረጴዛ አንቺ ነሽ የምትገዢው? ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ወረቀት ላይ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ጻፊው። ስኮላርሺፑን ቀንሽ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ፍንትው ይላል።

የጓደኞችሽ ሐሳብ ደስ ይላል፤ ብቸኝነትን ማን ይወዳል። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። አንቺም ሦስቱም ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው ያመለከታችሁት፤ የእነሱም ቅበላ እንዳንቺ በውጤት የታሰረ ሊሆን ይችላል። ውል የሚፈረመው ግን አሁን ነው። አራታችሁ በአንድ ውል ላይ ከፈረማችሁ፣ በብዙ አገር ሕግ ለጠቅላላው ኪራይ እያንዳንዳችሁ ተጠያቂ ናችሁ። አንዷ ውጤት ካልመጣላት ወይም ቪዛ ከተከለከለች የእሷን ድርሻ ሦስታችሁ ትከፍላላችሁ። ሁለቱ ከቀሩ ደግሞ ሁለታችሁ የአራቱን። አከራዩ «የእኔን ድርሻ ከፍያለሁ» የሚል መልስ አይሰማም። አንቺም ሁለተኛውን ዩኒቨርሲቲ ብትመርጪ ለማታድሪበት ቤት ዕዳ ውስጥ ነሽ። አብሮ የመኖር ፍላጎቱ ካለ ለእያንዳንዷ የየራሷን ውል የሚያዘጋጅ ማደሪያ ፈልጉ። ለተማሪ ተብለው የተሠሩ ሕንጻዎች ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ከእነሱም አንዳንዶቹ ውጤት ወይም ቪዛ ሳይመጣ ሲቀር ማስረጃ ካቀረብሽ ውሉን ያለ ቅጣት ያፈርሳሉ። የማስረጃው ቀነ ገደብ አጭር ስለሆነ ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። ወይም ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ኖራችሁ ለሁለተኛው ዓመት ከተማውን አውቃችሁ፣ ቤቱን በዐይናችሁ አይታችሁ ተከራዩ። እኔ ይህን እመርጥ ነበር።

ዋስ የሚባለውንም እንዳትረሺ። ብዙ አከራይ ኪራይ ባትከፍዪ የሚከፍልለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ እዚያው አገር የሚኖርና ገቢ ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ከሌለሽ «የስድስት ወር ወይም የዓመቱን ኪራይ አስቀድመሽ ክፈዪ» ሊሉሽ ይችላሉ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪ ራሱ ዋስ የሚሆንበት አሠራር አለው። የማደሪያ ክፍሉን ጠይቂ።

እሺ፣ ያ አከራይ። አጭበርባሪ ነው ብዬ አልፈርድም፤ አላውቀውም። ግን የሚያደርገው ነገር አጭበርባሪዎች የሚያደርጉትን ይመስላል። ቤቱን ያላዩ፣ ሩቅ አገር ያሉ፣ ልምድ የሌላቸው ልጆችን «ቶሎ ካልላካችሁ ይሄዳል» ማለት የታወቀ ዘዴ ነው። የማጭበርበሩ አሠራር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኪራዩ ከአካባቢው ዋጋ ረከስ ይላል። ፎቶው ያምራል፤ ከሌላ ማስታወቂያ የተገለበጠ ነው። አከራዩ «አሁን አገር ውስጥ አይደለሁም፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ይላል። ገንዘቡን ደግሞ መልሶ ሊጠየቅ በማይችል መንገድ እንዲላክለት ይፈልጋል። ፓስፖርቱን ፎቶ አንስቶ ሲልክ አትታለሉ፤ የተሰረቀ የሌላ ሰው መታወቂያ ሊሆን ይችላል።

ፎቶዎቹን በምስል መፈለጊያ አስገቡና ሌላ ቦታ ካሉ እዩ። በቀጥታ ቪዲዮ ከበሩ ጀምሮ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ የተቀዳ ቪዲዮ አይበቃም። ቤቱ የእሱ ስለመሆኑ ማስረጃ ጠይቁ። አድራሻውን ለዩኒቨርሲቲው የማደሪያ ክፍል ልካችሁ «ይህን አከራይ ታውቁታላችሁ?» በሉ። ከተቻለ እዚያው ከተማ ያለ ተማሪ ሄዶ ይይላችሁ። ሐቀኛ አከራይ በዚህ አይናደድም። የሚናደድ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

ቤቱ እውነተኛ ሆኖ እንኳ ቀብድና መያዣ (ለሚደርስ ጉዳት አከራዩ ይዞ የሚያቆየው ገንዘብ) ሕግ ያላቸው ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት ቤት ለማስያዝ የሚጠየቀው ቀብድ ከአንድ ሳምንት ኪራይ መብለጥ የለበትም። መደበኛውን የቤት መያዣ ደግሞ አከራዩ በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ በመንግሥት በተፈቀደ የመያዣ ጥበቃ አሠራር ውስጥ ማስመዝገብ አለበት። በጀርመን መያዣው ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ማሞቂያና የመሳሰሉት ወጪዎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ተከራዩም በሦስት ከፍሎ የመክፈል መብት አለው። የምትሄጂበትን አገር ሕግ ፈልገሽ አንብቢ። ሰውየው ከሕጉ በላይ ከጠየቀ ወይ ሕጉን አያውቅም ወይ እንደማታውቁ ያውቃል።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ይታየኛል። የሥራ ልምምዱ፣ የተረጋገጠው ማደሪያና ስኮላርሺፑ አንድ ላይ ሲደመሩ ከስሙ ይከብዳሉ። ያለ ቅድመ ሁኔታ መሆኑም ፈተናሽን በተረጋጋ ልብ እንድትወስጂ ያደርግሻል (ማጥናት አቁሚ ማለቴ ግን አይደለም!)። ይህን ሐሳቤን የሚያስቀይሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሁለተኛው ፕሮግራም እውቅና የሌለው ሆኖ ከተገኘ ነው። ሌላው ደግሞ ስኮላርሺፑ የአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ ቤተሰባችሁ የማይችለው ከሆነ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተከሰተ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ያኔም የማደሪያውን ጉዳይ ቀድመሽ ጨርሺ።

ከአባትሽ ጋር ስትነጋገሪ «ስም ዋጋ የለውም» ብለሽ አትጀምሪ። ክርክሩ ስለ ስም ከሆነ አንቺ ትሸነፊያለሽ፤ ምክንያቱም እውነትም ስም ያለው ያኛው ነው። የወጪውን ወረቀት ይዘሽ ተቀመጪ። የሁለቱን ፕሮግራም የእውቅና መልስ አሳዪያቸው። ከዚያ «ውጤቴ ትንሽ ቢጎድል የት እሆናለሁ? ቢሟላስ የት አድራለሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሴት ልጁ ማደሪያ የማያሳስበው አባት አላውቅም። ምናልባት እስካሁን ይህን ወገን ማንም አላሳያቸውም ይሆናል። ያም ሆኖ ካልተስማሙ፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በዚሁ ትምህርት ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ፈልጊና አባትሽ ራሳቸው በስልክ ያናግሯቸው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለአመልካቾች ጥያቄ የሚመልሱ ተማሪዎችን ይመድባሉ።

ለሁለቱም «እሺ» ስለማለት የጠየቅሽው እንደ አገሩ ነው። በብሪታንያ ማመልከቻው በአብዛኛው ዩካስ በሚባለው ማዕከላዊ ሥርዓት ያልፋል፤ እዚያ አንዱን ዋና ምርጫ፣ ሌላውን መጠባበቂያ አድርጎ መያዝ የተፈቀደ ነው። ቅድመ ሁኔታ ያለውን ዋና አድርገሽ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተቀበለሽን መጠባበቂያ ማድረግ ትችያለሽ። መጠባበቂያ ስታደርጊው ግን የዶርም ዋስትናው ሊያመልጥሽ ይችላል፤ ይህን ሳታጣሪ ቁልፉን አትጫኚ። በተገላቢጦሹ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተቀበለሽን ዋና ካደረግሽ መጠባበቂያ አይኖርሽም። በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች መልስና ማስያዣ ክፍያ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው። ለሁለት ቦታ ማስያዣ መክፈል እዚያ እንደ ነውር ይታያል፤ ከታወቀም ቅበላው ሊሰረዝ ይችላል። ማስያዣውም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ የዶርሙ ማስያዣ ደግሞ ሌላ ነው።

በሁለት የተለያዩ አገሮች ከሆኑ ሁለቱንም መያዝ የሚከለክልሽ ሥርዓት ላይኖር ይችላል፤ የየደብዳቤውን ውል አንብቢ። ጊዜ ካጠረሽ ከመዋሸት መጠየቅ ይቀላል። «የፕሮግራሙን እውቅናና የማደሪያ ጉዳይ እያጣራሁ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ይጨመርልኝ» ብለሽ ጻፊ። አንዳንዱ ይጨምርልሻል፤ ባይጨምርም የሚከፋብሽ የለም። ወስነሽ ስታበቂ ደግሞ የማትሄጂበትን ዩኒቨርሲቲ በዚያው ሳምንት በጽሑፍ አሳውቂ። ዶርምም አመልክተሽ ከነበረ እሱን ለብቻው ሰርዢ፤ ቅበላውን ስለተውሽ ብቻ የክፍሉ ውል በራሱ ላይፈርስ ይችላል። መሰረዙን የሚያረጋግጠውን ኢሜይልም አስቀምጪው።